በግሪክ ደሴቶች መካከል በመርከብ ለምትጓዙ፦ ስለ ንፋሱ ማን ነገራችሁ?

በሐምሌና በነሐሴ የግሪክን ደሴቶች ለመዞር ካሰባችሁ ቲኬት ሳትቆርጡ ይህችን አንብቡ። ለእኔ ማንም አልነገረኝም። እስካሁን ያናድደኛል።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልጨርስ። ከአቴንስ አየር ማረፊያ እስከ ፒሬየስ ወደብ ሜትሮ አለ፣ መቀየር ሳያስፈልግ ያደርሳችኋል። ወደቡ ሰፊ ስለሆነ ቲኬታችሁ ላይ የበሩን ቁጥር እዩ። ወደ ፓሮስ፣ ናክሶስና ሳንቶሪኒ የሚሄዱት ትልልቅ መርከቦች አብዛኛውን ጊዜ ለሜትሮው ቅርብ ከሆነው ከኢ7 በር አካባቢ ይነሳሉ። የሮድስ መርከብ ግን ኢ1 ላይ ነው፣ እዚያ ድረስ ሻንጣ እየጎተቱ በእግር መሄድ አይሞከርም። ወደቡ ውስጥ የሚመላለሰውን አውቶቡስ ያዙ። ሻንጣችሁን መኪኖች በሚቆሙበት ወለል፣ የምትወርዱበት ደሴት ስም በተጻፈበት መደርደሪያ ላይ ታስቀምጣላችሁ። ደሴቶቹ ጋ መርከቡ የሚቆመው ለጥቂት ደቂቃ ስለሆነ የመውረጃ ማስታወቂያ ስትሰሙ ቡናችሁን ትታችሁ ተነሱ። የመኖሪያ ፈቃዳችሁን ደግሞ ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቱት። ያ ሁሉ ሰልፍ ዝም ብሎ ሲያልፍ እኔና እህቴ ብቻ «ወረቀት» ተብለናል። ለምን እንደሆነ ለሐበሻ አንባቢ ማብራራት ያለብኝ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ጣጣው።

ደሴቶቹ ባሉበት በኤጌያን ባሕር ላይ በአውሮፓ በጋ ከሰሜን የሚነፍስ ሜልቴሚ የሚባል ንፋስ አለ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ዝናብ የለም፣ ታዲያ ምን ችግር ይመጣል ብላችሁ ትቀመጣላችሁ። ባሕሩ ግን ሌላ ነው። ንፋሱ ሲበረታ የወደቡ ባለሥልጣን መርከቦች እንዳይነሱ ይከለክላል። ትልልቆቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚታገዱት ንፋሱ 8 ቦፎር (የንፋስ ኃይል መለኪያ ነው) ሲደርስ ነው፣ በሰዓት ከ62 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። ካታማራን የሚባሉት፣ መንታ አካል ያላቸው ፈጣን ጀልባዎች ግን ከዚያ በፊት ይቆማሉ። የእኛ ዕዳ የመጣው ከዚህች ልዩነት ነው።

ቲኬቱን የሸጠን ኤጀንሲ ከናክሶስ ወደ ፒሬየስ የምንመለስበትን ጉዞ በፈጣኑ እንድናደርገው አጥብቆ መከረን። ሰዓት ትቆጥባላችሁ፣ ይመቻችኋል ምናምን። ዋጋውም ከትልቁ መርከብ በጣም ይበልጣል። ስለ ንፋስ አንዲት ቃል አልተናገረም። ከዚያ በመመለሻችን ዋዜማ ማታ ስልኬ ላይ መልእክት ገባ፦ በአየር ሁኔታ ምክንያት ጉዞው ተሰርዟል፣ ቲኬት የገዙበትን ቢሮ ያነጋግሩ። በማግስቱ ማታ ደግሞ ከአቴንስ ወደ ፍራንክፈርት በረራ ነበረን።

ጠዋት ወደቡ ላይ ቆመን፣ የጥንቱ የአፖሎ ቤተ መቅደስ በር ወደ ቆመባት ትንሿ ደሴት የሚወስደውን መንገድ ማዕበሉ እየዘለለ ሲያጥበው እያየን፣ ትልቁ መርከብ መጣ። አዎ፣ መጣ! ሰው አራገፈ፣ ሰው ጫነ፣ ወደ ፒሬየስ ሄደ። እኛ ዳር ቆመን አየነው። ቢሮ ገብቼ በዚህኛው ሂዱ በሉን ስል «እሱ የሌላ ኩባንያ ነው፣ ደግሞም ሞልቷል» ተባልኩ። እሺ ገንዘቤን መልሱልኝ ስል «ኤጀንሲውን ጠይቂ»። ኤጀንሲው ስልክ ላይ ሙዚቃ ካስደመጠኝ በኋላ «ኩባንያውን ጠይቂ»። እንደ ኳስ ተቀባበሉን። በመጨረሻ አንዱ ትልቅ ውለታ የዋለልኝ ይመስል ቫውቸር ልስጥሽ አለኝ። ከፍራንክፈርት ቫውቸር ይዤ ናክሶስ ልመጣ!

ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ጭራሽ ባሰበትና ትልልቆቹም ታገዱ። በረራው ሄደ።

እገዳውን አልቃወምም። በ2000 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኤክስፕረስ ሳሚና የተባለ ፌሪ በኃይለኛ ንፋስ ፓሮስ አጠገብ ዓለት መትቶ ሰጥሞ ከ80 በላይ ሰው አልቋል። ስለዚህ አትነሱ ያለው ሰው ልክ ነው። የሚያናድደኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፣ መብቴን ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጡት አንዳቸውም አልነገሩኝም። ሆቴል አልጋ ላይ ተጋድሜ ራሴ ፈልጌ አገኘሁት።

የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 1177/2010 ይባላል፣ ስሙን ስልካችሁ ላይ ጻፉት። ጉዞ ሲሰረዝ ምርጫው የእናንተ ነው፦ ወይ ያለ ተጨማሪ ክፍያ በሌላ ጉዞ ይወስዷችኋል፣ ወይ ሙሉ ገንዘባችሁን በ7 ቀን ውስጥ ይመልሳሉ። ቫውቸር የሚሰጡት እናንተ ከተስማማችሁ ብቻ ነው። ምክንያቱ የአየር ሁኔታ ከሆነ ግን ካሳም የሆቴል ወጪም አትጠብቁ። በማግስቱ ቁጥሩን ጠቅሼ ስናገር የሰውየው ፊት ተለወጠ። ቫውቸሩም ተረሳ፣ የመመለሻ ቅጹም ከመሳቢያ ወጣ። ትናንት የት ነበር?

እንግዲህ የእኔ ምክር ይኸውላችሁ፣ ቲኬት ሻጮች ባይወዱትም። በሐምሌና በነሐሴ ፈጣኑን ጀልባ ተዉት። በትልቁ ከናክሶስ ፒሬየስ አምስት ሰዓት ገደማ ነው፣ ደጅ ወጥታችሁ አየር ትወስዳላችሁ፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ፈጣኑ ውስጥ እንደ አውሮፕላን ታሽጋችሁ ነው የምትቀመጡት፣ ማዕበል ሲመታው ደግሞ ግማሹ ሰው ፌስታል ይዞ ያስመልሳል። ከአንድ ሰዓት በፊት ድረሱ የሚሉትን ፒሬየስ ላይ አክብሩት፣ በሩን ፍለጋ ራሱ ጊዜ ይፈጃል። ደሴቶቹ ላይ ግን ግማሽ ሰዓት ይበቃል፣ መርከቡ ራሱ አርፍዶ ነው የሚመጣው፣ ጥላም የለም።

ከሁሉም በላይ ከደሴት ወርዳችሁ በዚያው ቀን አትብረሩ። የመጨረሻውን ሌሊት አቴንስ እደሩ፣ ከቻላችሁ ሁለት ሌሊት። ለሆቴሉ ታወጣላችሁ እንጂ እንደኛ በነሐሴ፣ በመጨረሻ ሰዓት፣ ለሁለት ሰው አዲስ የአውሮፕላን ቲኬት አትገዙም። የመርከቡ ገንዘብ ከብዙ ኢሜይል በኋላ ተመልሷል። የአውሮፕላኑን ግን ኤጀንሲው «እኛን አይመለከትም» ብሎ በአንድ መስመር ዘጋው። እህቴ ያንን ኢሜይል ስክሪንሾት አድርጋ አሁንም በየቤተሰብ ግሩፑ ትልከዋለች።