«ሊተራሊ» ሊገድለኝ ነው

«ኩድ ኦፍ» ተብሎ የተጻፈ እንግሊዝኛ ሳይ ደሜ ይፈላል። «ኩድ ሃቭ» (ይችል ነበር) ነው መባል ያለበት። ስህተቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ በፍጥነት ሲነገር «ኩደቭ» ስለሚመስል ጆሮ የሰማውን ጣት ጻፈ፣ አለቀ። ሰውየው ምን ሊል እንደፈለገም ገብቶኛል። ታዲያ ምን ሆኜ ነው የምናደደው?

እንዲህ የሚያደርገኝ እሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። «ቢትዊን ዩ ኤንድ አይ» (በአንተና በእኔ መካከል) አለ፤ ትክክሉ «ኤንድ ሚ» ነው። ይሄ ደግሞ የሚገርም ነው፣ ምክንያቱም የሚመጣው ከመጠንቀቅ ነው። ልጅ እያሉ «ሚ» ባሉ ቁጥር የታረሙ ሰዎች፣ «ሚ» ትክክል የሆነበት ቦታ ላይም ፈርተው «አይ» ይላሉ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የተናጋሪው ሳይሆን የአራሚው ይመስለኛል። «ኢትስ» ላይ አፖስትሮፍ የምትባለዋን ጭረት (’) ያለ ቦታዋ የሚሰኩትን ግን እንጃ፣ ገና ይቅር አላልኳቸውም።

የሁሉም አለቃ «ሊተራሊ» ነው። «ሊተራሊ በሳቅ ሞትኩ» የሚለኝ ሰው ፊቴ ቆሞ እያወራኝ ነው። ቃሉ የተፈጠረው «ማጋነን አይደለም፣ እውነቴን ነው» ለማለት ሆኖ ሳለ፣ አሁን ዋና ሥራው ማጋነን ሆኗል። የዘመኑ ልጆች ያበላሹት ይመስለኝ ነበር። ኋላ ሳነብ በዚህ አገባቡ እ.ኤ.አ. በ1769 ታትሞ ተገኝቷል። ስልክም ሬዲዮም በሌለበት ዘመን ማለት ነው! የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ይህን አገባብ መመዝገቡን ሰዎች በ2013 ሲያውቁ እንግሊዝኛ ሞተ ተብሎ ስንት ተጮኸ። መዝገበ ቃላት ግን ሰው የሚናገረውን ይመዘግባል እንጂ ፈቃድ አይሰጥም፣ አይከለክልም።

እንዲህ ያለው ንዴት ራሱ አዲስ አይደለም። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1789 ለመዝገበ ቃላት አዘጋጁ ለኖህ ዌብስተር ደብዳቤ ጽፎ አቤቱታ አቅርቧል። ያናደደው ምን መሰላችሁ? «ኖቲስ» የሚለውን ስም ሰዎች ግስ አድርገው መጠቀማቸው። «አድቮኬት» እና «ፕሮግረስ»ም አብረው ተከሰዋል። ዛሬ እነዚህን ግሶች ሰምቶ ፊቱን የሚያጨማድድ ሰው አላየሁም። እኔም «ኢምፓክት» ግስ ሲሆን የማጉረምርመው ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ለሚመጣ ሰው እንደዚሁ ሳላስቅ አልቀርም።

«ሌስ» እና «ፊወር»ም (ሁለቱም «ያነሰ» ማለት ናቸው) እንደዚያው ነው። ለሚቆጠር ነገር «ፊወር» በሉ የሚለው ሕግ ሥሩ ሲፈለግ የሚገኘው በ1770 ሮበርት ቤከር የሚባል ሰው የጻፈው አስተያየት ላይ ነው። እሱ እንኳ ይሻላል ብሎ እንጂ ግዴታ ነው ብሎ አልጻፈም። በ2008 ቴስኮ የተባለው የእንግሊዝ ሱፐርማርኬት በዚህ ንትርክ ሰበብ ገንዘብ መክፈያው ላይ የሰቀለውን ጽሑፍ ለውጧል። የቀየረው ደግሞ ወደ «ፊወር» አይደለም፤ «እስከ 10 ዕቃ» ብሎ ከሁለቱም አመለጠ። ብልጥ ነው።

ይህን ሁሉ አውቄም ንዴቱ አይለቀኝም። እውቀት ያበርደዋል ብዬ ነበር፣ አላበረደውም። ጆን ሪቻርድስ የሚባል ጡረታ የወጣ ጋዜጠኛ በ2001 አፖስትሮፍን የሚጠብቅ ማኅበር አቋቁሞ ነበር። በ2019፣ በ96 ዓመቱ፣ ድንቁርናና ስንፍና አሸነፉ ብሎ ዘጋው። ሰው ይስቅበታል። እኔ ግን አዘንኩለት።

የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች በ2016 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ሆዴን ነካው። 83 ሰዎች አብሯቸው ቤት ሊጋራ ካመለከተ ሰው የመጡ ኢሜይሎችን እንዲያነቡ ተደረገ፤ አንዳንዶቹ ኢሜይሎች ሆን ተብሎ ስህተት ተጨምሮባቸዋል። ከዚያ የአንባቢዎቹ ጠባይ ተመዘነ። የሰዋስው ስህተት ይበልጥ ያስኮረፋቸው ከሰው ጋር ቶሎ የማይግባቡት፣ ነገረኛ ቢጤዎቹ ሆነው ተገኙ። እሺ፣ ምን ልበል።

ግን ነገረኛ መሆን ብቻ አይመስለኝም። ራሴን ስታዘበው ስህተቱ የሚታየኝ እንደ ጸሐፊው ነው። አንዲት የልብ ጓደኛዬ ሁለቱን «ዩር» («ያንቺ» እና «አንቺ ነሽ») በየመልእክቷ ታምታታለች፤ አንብቤ፣ ስቄ አልፋለሁ። ያንኑ ስህተት አንድ የማልወደው የሥራ ባልደረባዬ ሲጽፈው ዓይኔ ስህተቱ ላይ ተተክሎ ይቀራል። ጭራሽ የተናገረው ነገር ልክ ሆኖ መልስ ሲያጥረኝ ነው አፖስትሮፉን የምቆጥረው። ሰዋስው እንዲህ ሲሆን ዱላ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል።

ስለዚህ በ«ሊተራሊ» መናደዴን ለመተው እየሞከርኩ ነው። ንዴቴን ግን ሙሉ በሙሉ አልጥለውም፣ ለሌላ ነገር አስቀምጬዋለሁ። «ጎይንግ ፎርዋርድ» (ከእንግዲህ) እና «ሪች አውት» (ማነጋገር) እያለ የሚንጠባጠበውን የቢሮ እንግሊዝኛ ማለቴ ነው። አንድም የሰዋስው ግድፈት የለበትም፤ ነጠላ ሰረዙ ሁሉ በቦታው ነው። ግን ከውስጡ ሰው ጠፍቷል። ስህተት «ተፈጠረ»፣ ውሳኔ «ተላለፈ»፣ ቅሬታችሁ «ታየ»። ማን አጠፋ፣ ማን ወሰነ፣ ማን አየ? «ኩድ ኦፍ» ብሎ የጻፈው ሰው ቢያንስ ምን እንዳሰበ ነግሮኛል። ባለፈው ሳምንት የሥራ ክፍፍላችን «እንዲስተካከል ተወስኗል» የሚል ኢሜይል ደርሶኝ፣ በአንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ማን እንደወሰነ ጠየቅኩ። የመጣው መልስ «ጥያቄዎ ለሚመለከተው ተላልፏል» ይላል።