የደንቢያ ዋልካ

ዛሬ ከጎንደር ወደ ደንቢያ ወርደን ዋልካ፣ ማለትም ጥቁር የሸክላ አፈር፣ ስንቆፍር ዋልን። ላዩ ተሰነጣጥቋል፣ ከስር ግን እርጥብ ነው። ማሳው ዳር የነበሩ አባት "ውሃማ አለው፤ ለሰብሉ አይሰጥም እንጂ" አሉን። እውነታቸውን ነው። የሸክላ አፈር ቀዳዳ እጅግ ጠባብ ስለሆነ ውሃውን አጥብቆ ይይዛል፤ ሥር መሳብ ያቅተዋል። አሸዋ ቶሎ ይለቃል። ይህን አያያዝ የአፈር ሳይንቲስቱ ቫን ጌኑክተን በ1980 እ.ኤ.አ. በቀመር አስቀምጦታል። ውሃው በአፈር ውስጥ የሚፈስበትን መንገድ ደግሞ የሪቻርድስ ቀመር ይገልጸዋል፣ ከ1931 እ.ኤ.አ. ጀምሮ። አፈር ሲደርቅ ውሃ የማሳለፍ አቅሙ በሺህ እጥፍ ሊወርድ ይችላል። ፍሰቱን በቀመሩ የማሰላበት ኮምፒውተሬ የሚጨነቀውም እዚህ ጋ ነው!

የኔ ቅሬታ ስንጥቁ ነው። የሪቻርድስ ቀመር አፈሩን ወጥ አድርጎ ያየዋል። የሰኔ ዝናብ ግን ማንንም ሳይጠብቅ በስንጥቁ ቁልቁል ይነጉዳል። ስለዚህ ለስንጥቁ ለብቻው የፍሰት ስሌት ልጨምርለት ነው። መብራት ካልጠፋ ማታውኑ እጀምራለሁ።