በጎን የተሣለችው ፀሐይ

ዛሬ ያለ ምክንያት ሆድ ሲብሰኝ ዋለ። ምክንያት ይኑረው ከተባለ የኅዳር ነፋስ ነው፤ መስኮቱን እየነካካ ሰው የመጣ ያስመስላል፣ ማንም አይመጣም። እንዲህ ባለ ቀን ሰው ወይ ቁም ሣጥኑን ያራግፋል ወይ የሥራ ማመልከቻ ይሞላል። ቁም ሣጥኑ ባለፈው ሳምንት ስለተራገፈ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ።

የሥዕል መምህር የሚፈልገውን የዶሃ ትምህርት ቤት ማስታወቂያ የላከችልኝ ጓደኛዬ፣ የዶሃዋ ናት። ታውቋታላችሁ፤ ከእኔ ጋር ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመርቃ ብሩሿን ቶሎ የሰቀለችው፣ አሁን በሰው አገር የሒሳብ መዝገብ የምትይዘው። ጥቅምት በገባ ቁጥር ትጀምረኛለች። ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች በነሐሴ ለሚከፍቱት ክፍል መምህር የሚያፈላልጉት ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ እነዚያን ወራት ስልኬ ማስታወቂያ ሲቀበል ይከርማል። የሒሳብ መምህር ብሆን በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ብዙ ወንበር ይኖረኝ ነበር። የሥዕል መምህር ግን አንድ ናት፣ ቢበዛ ሁለት። እሷ እስክትለቅ፣ እስክትዛወር ወይም ሙቀቱ እስኪያንገሸግሻት መጠበቅ ነው። በማላውቃት ሴት መሰላቸት ላይ ተስፋ ጥሎ መኖር፣ ለራሴም ቢሆን ደግ ሰው አያስብለኝም።

ማስታወቂያ ማንበብ ራሱ ሙያ ሆኖብኛል። አንዱ “ባልና ሚስት መምህራን ቅድሚያ ይሰጣቸዋል” ይላል፤ ሁለት መምህር በአንድ ቤት ማሳደር ኪራይ ይቆጥባል። የእኔው ሰው ግን ለሌላ ማስተማር የሚችለው ሙያ ቢኖር የቅዳሜ ከሰዓት እንቅልፍ ነው። ሌላው ተቀባይነት ያላቸውን ፓስፖርቶች ይዘረዝራል፤ እንግሊዝ፣ አየርላንድ፣ አሜሪካ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድ፣ ደቡብ አፍሪካ። ቀይና ቢጫ ተቀላቅለው ብርቱካናማ የሚሆኑት የየትኛው አገር ፓስፖርት ሲያዝ እንደሆነ ቢነግሩኝ ደስ ባለኝ። ድሮ እኮ መንገዱ በዚህ በኩል ነበር። ጀርመን ተወልዶ ብራዚል የኖረው፣ የኖረበትንም ግዛት ስም የራሱ ስም ያደረገው ሀንሰን ባሂያ፣ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1966 እዚህ አዲስ አበባ መጥቶ እንጨት ቀርጾ ሥዕል ማተምን አስተምሯል። ኋላ ደግሞ ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ከዚህ ሄዶ አሜሪካ በሚገኘው በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት አስተማረ። ሁለቱንም “የክፍል ውስጥ ሥነ ሥርዓት አያያዝ ፍልስፍናዎን በሦስት መቶ ቃላት ይግለጹ” ያላቸው ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

የዓለም አቀፍ ባካሎሬት፣ ማለትም በዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ሥርዓተ ትምህርት፣ ልምድ የሚጠይቀው አያስፈራኝም። ተማሪው ካለቀው ሥዕል ባልተናነሰ ወደዚያ ያደረሰውን ሙከራና የተበላሸውን ወረቀት ሁሉ ለምን እንደሚያስረክብ ለወላጆች ሳስረዳ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። አሁን ደግሞ አዲስ መመሪያ መጥቶ፣ በዚያ የሚመዘኑት የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2027 ነው የሚደርሱት፤ ስለዚህ ለጊዜው ዶሃም ሆነ ለንደን ያለው መምህር እንደ እኔው ጀማሪ ነው። ይህን ሳስብ ትንሽ እጽናናለሁ።

ሰነዱም ጣጣው ብዙ ነው። ዲግሪው ይረጋገጣል፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይታተምበታል፣ የኤምባሲው ማኅተም ይከተላል፤ መጨረሻ ላይ ከጽሑፉ ማኅተሙ ይበዛል። ከሁሉ የወደድኩት የመጀመሪያውን የሥራ ልምድ ደብዳቤዬን ነው። በእኛ አቆጣጠር “ከ1995 ጀምሮ” ስለሚል፣ የማያውቅ ሰው ካነበበው ሰባት ዓመት በነጻ ይመርቅልኛል። ተርጓሚው “እናስተካክለው?” ሲለኝ ትንሽ ቅር አለኝ።

እንግዲህ ቅጹን ስሞላ አንድ ቦታ ደረስኩ። “ከተማሪዎችዎ ሥራ ዐሥር ምሳሌ ያያይዙ፤ ተማሪው ምን እንደተማረበት ለእያንዳንዱ ባጭሩ ይግለጹ” ይላል። ዘጠኙን ለማግኘት አልተቸገርኩም። የአሁኑ ትምህርት ቤቴ ልጆች ሥራ ሁሉ ፎቶ የተነሣ ነው፤ ብርሃኑ የተስተካከለ፣ ጥጉ የተቆረጠ፣ ሥሩ ማብራሪያ የተጻፈበት። ዐሥረኛው ላይ ስደርስ ግን ያ ልጅ ትዝ አለኝ።

ያን ጊዜ የማስተምረው መንግሥት ትምህርት ቤት ነበር። ክፍሉ ከስድሳ በላይ ልጅ ይዟል፤ የማድለው ወረቀት ለሁለት የተቀደደ ነው፤ ቀለሙም ያለው ለሌለው የሚያውሰው እርሳስ ነው። “ጠዋትን ሣሉ” አልኳቸው። ሣሉ። አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ አንድ ጠዋት ሣለ፤ ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ተራሮች፣ በመካከላቸው ግማሽ ፀሐይ፣ በማስመሪያ የተሰመሩ ጨረሮች፣ ከተራራው ሥር ተጠማዝዞ የሚወርድ ወንዝ፣ አንዲት ጎጆ፣ ሰማዩ ላይ የተበተኑ ክንፍ ብቻ የሆኑ ወፎች። እናንተም ሥላችሁታል፤ እኔም ሥዬዋለሁ። ጂኦግራፊ የሚያስተምረው ባልደረባዬ ወረቀቶቹን አይቶ “እነዚህ ልጆች ከመስኮት የሚያዩት ተራራ እንጦጦ ነው፤ እንጦጦ ደግሞ በሰሜን ነው፤ ፀሐይ ከሰሜን ወጥታ ታውቃለች?” ብሎ ተናደደ። ጥያቄው የእኔ መሆን ሲገባው እሱ ቀደመኝ።

ከዚያ ክምር ውስጥ የአንዱ ብቻ ተለየ። አባቱ ሰመራ ይሠራ ስለነበር ጥቂት ዓመት አፋር ኖሮ የመጣ ልጅ ነው። ተራራ የለም፣ ወንዝ የለም። ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር የሞላች ፀሐይ ናት፤ ፊት አላት፣ ግን በጎን የተሣለች ናት፣ የምትታየውም አንድ ዐይኗ ብቻ ነው። “ለምን በጎን ሣልካት?” አልኩት። “ቲቸር፣ ክፉ ስለሆነች ነዋ” አለኝ፣ ይህ እንዴት ይጠፋሻል በሚል ዐይን እያየኝ።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያየ ሰው ገብቶታል። በነባሩ አሣሣል ቅዱሳን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዐይናቸው ያዩናል፤ ሰይጣን፣ ይሁዳ፣ የሰማዕታት ገዳዮች በጎን ይሣላሉ፣ አንድ ዐይን ብቻ ይሰጣቸዋል። ፀሐይና ጨረቃም በስቅለቱ ሥዕል ላይ ከመስቀሉ ግራና ቀኝ ይገኛሉ። ልጁ እሑድ እሑድ ግድግዳ ላይ ያየውን ሕግ ወስዶ፣ ማንም ሳያዘው፣ ሰመራ ላይ ባቃጠለችው ፀሐይ ላይ ፈረደበት። ከዚያ ወዲህ በእጄ ስንት ሥራ አልፏል፤ ከዚያ የሚስተካከል አላየሁም ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ፎቶው የለኝም። በዚያን ጊዜ የያዝኩት ስልክ ከመደወል ሌላ ሙያ አልነበረውም። ልጁ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከቶ ሄደ፤ ምናልባት በሳምንቱ ቆሎ ተጠቅልሎበታል። ቢኖረኝስ? “ተማሪው ምን ተማረበት” ለሚለው ምን ልጻፍ? ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳና ከአፋር ሙቀት ተምሯል፤ የእኔ ድርሻ ግማሽ ወረቀት ማቀበል ነበር ልበል? ቀጣሪ ይህን አንብቦ የአውሮፕላን ትኬት አይልክም።

ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ ከእጄ የወጣው። የእሱን ፀሐይ ትቼ ስለ ሌሎቹ ልጆች ፀሐይ ማሰብ ጀመርኩ። ሮዳ ኬሎግ የምትባል አሜሪካዊት የሕፃናት መምህር ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ የልጆች ሥዕሎች ሰብስባ ነበር። እሷ እንደምትለው ሦስትና አራት ዓመት ላይ ያለ ልጅ ጭረት፣ ከዚያ ክብ፣ ከዚያ ጨረር ያለው ክብ እያለ ፀሐይ መሰል ቅርጽ ላይ በራሱ ይደርሳል። ከዚያው ክብ ነው ኋላ እጅና እግር በቅለው ሰው የሚወጣው። ሎወንፌልድ ደግሞ ከሰባት ዓመት ገደማ ጀምሮ ልጅ ለእያንዳንዱ ነገር አንድ የጸና ቅርጽ ይይዛል ይላል። (ይህ ሎወንፌልድ ራሱ ሥራ ፈላጊ የሥዕል መምህር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1938 ከቪየና ናዚዎችን ሸሽቶ ወጣ፤ በማግሥቱ ዓመት ቨርጂኒያ በሚገኘው፣ ለጥቁር አሜሪካውያን በተቋቋመው የሃምፕተን ኮሌጅ ማስተማር ጀመረ። እኔ ከኅዳር ነፋስ በቀር የሚያባርረኝ የለም፤ ያም ሆኖ አማርራለሁ።)

ፀሐይዋ እሺ። ተራሮቹን ማን ጨመረ? ክብና ጨረር በራሱ ይወጣ እንደሆነ፣ ሁለት ተራራ በእኩል ቁመት፣ በመካከሉ ግማሽ ፀሐይ፣ ከሥሩ ወንዝ፣ ይህ ሁሉ በራሱ አይወጣም። ብሬንትና ማርጆሪ ዊልሰን የተባሉ ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የጻፉት እዚህ ላይ ይረዳኛል፤ ልጆች የሚሥሉት ያዩትን ዓለም ሳይሆን ያዩትን ሥዕል ነው፣ የሚቀዱትም አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ከሌላው ነው ይላሉ። የሚገርመው የኢንዶኔዥያ ልጆችም ይህንኑ ሁለት ተራራና አንድ ፀሐይ ይሥላሉ፤ ወንዛችን በቆመበት የሩዝ ማሳ ያስገቡበታል እንጂ ሌላው ያው ነው። እነሱ እንኳን እሳተ ገሞራው በየደጃቸው ነው። የእኛዎቹ ሜዳ ላይ ተወልደውም ይሥሉታል። መጀመሪያ የሣለው ልጅ ማን ይሆን? ወይስ ልጅ አልነበረም፣ አንድ የደከመው መምህር ከሰዓት በኋላ ክፍል እንዲረጋለት ሰሌዳ ላይ የሣለው ነው?

ከዚያ ዶሃ መጣብኝ። አገሩ ሜዳ ነው፤ ተራራ የለም። ፀሐይዋም እንደኛ የምትናፈቅ አይደለችም፤ ከሰኔ 1 እስከ መስከረም 15 በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ሜዳ ላይ ማሠራት በሕግ ክልክል ነው። መንግሥት ሰውን ከፀሐይ በደንብ የሚያስጥልበት አገር ያለ ልጅ ፀሐይን እንዴት ይሥላታል? እየሳቀች ነው? በጎን ነው? ያ የሰመራው ልጅ እዚያ ቢሆን ጓደኛ ያገኝ ነበር ወይስ እዚያም ብቻውን ነው? እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ስለዚህ ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ የጓጓሁት ያን ጊዜ ነው።

ሌሊት መሆኑን ረስቼ ለዶሃዋ ጻፍኩላት። “ልጅሽን ምንም ሳትነግሪያት ጠዋትን አሥያትና ፎቶውን ላኪልኝ።” እዚያው የተወለደች የአምስት ዓመት ልጅ አለቻት። ጓደኛዬም እንደ እኔ እንቅልፍ የሌላት ናት፤ “ነገ” አለችኝ። የእኔው ሰው ከአልጋው ሆኖ “ሥራ ነው ፀሐይ የምትፈልጊው?” ሲል ሰማሁት፤ አልመለስኩለትም።

ይህን እየጻፍኩ ሳለሁ ነግቶ ኖሮ ፎቶው ደረሰ። ሁለት ተራራ፤ በመካከላቸው ግማሽ ፀሐይ። ወንዙም አለ። ወፎቹም አሉ። ዶሃ፣ ሜዳ ላይ የተወለደች ልጅ! ወዲያው ደወልኩ። እናቲቱ እሷ እንዳላሳየቻት በልጇ ማለች፤ አገር ቤት የመጡት አንድ ጊዜ ነው፣ ያን ጊዜም ልጅቷ ታቅፋ ነበር። “ሞግዚቷ ኢንዶኔዥያዊት ናት?” አልኳት። አይደለችም፤ የወሎ ልጅ ናት። ታዲያ እሷ ትሆናለች አልኩ። ተጠየቀች። ሥዕል በእጇ ነክታ እንደማታውቅ ተናገረች፤ ሥራ በዝቶባታል፣ ሌላም ጥያቄ ካለ ቶሎ እንዲጠየቅ።

“የመዋዕለ ሕፃናት መምህሯ የየት አገር ሰው ናት?” ስል የዶሃዋ ቱግ አለች። “ስሚ፣ ማስታወቂያ መላክ ከጀመርኩ ጀምሮ ስለ ተራራ፣ ስለ ሞግዚት፣ ስለ ፀሐይ ጠይቀሽኛል። ስለ ደመወዙ አንድም ቀን አልጠየቅሽኝም።”

እውነቷን ነው። ግን ስንት ነው?