ኒኮ በአንድ ቀን፦ ባቡሩን ከሰው ጋር፣ ተራራውን ለብቻ

ወንድሜ ቶኪዮ ነው የሚማረው። በጥቅምት ወር እማዬን ይዤ ልጠይቀው ስሄድ፣ አንድ ቀን ከከተማ ወጣ ብለን መቅደስም ተራራም እንይ ተባባልን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል። ሰው በታጨቀበት አውቶቡስ ቆማ ጠመዝማዛ መንገድ ትውጣ ማለት አይሆንም። መኪና ከነሹፌሩ መያዝ ግድ ሆነ።

የመረጥነው ኒኮን ነው። ከቶኪዮ ወደ ሰሜን 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። መቅደሱ፣ ፏፏቴውና ሐይቁ እዚያው አንድ ተራራ ላይ ናቸው።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ከሆቴሉ በር ላይ የሚያነሳ፣ ማታ እዚያው የሚመልስ መኪና ነው። እኛም ዋጋ ጠየቅን። ዋጋው ያስደነግጣል፤ እኔን የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። ከምትከፍሉበት ቀን ግማሹ አውራ ጎዳና ላይ ያልቃል። የቶኪዮ የጠዋት ትራፊክ ደግሞ የአዲስ አበባን ያስረሳል። ቶኪዮ ውስጥ አሳኩሳ ከሚባለው ጣቢያ የሚነሳው፣ ቶቡ የተባለው ኩባንያ ፈጣን ባቡር ግን ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ያደርሳል፤ መቀመጫውም ምቹ ነው። ስለዚህ በባቡር ከሰው ጋር ሄድን፤ ኒኮ ጣቢያ ስንደርስ በሰዓት የሚከፈለው የአካባቢው ታክሲ ጠበቀን። ለብቻ መሆን የሚያስፈልገው ተራራው ላይ ነው፤ ገንዘቡም እዚያ ይውጣ።

መኪና ስትፈልጉ ታርጋውን እዩ። ጃፓን ውስጥ ሰው ጭኖ ለማስከፈል ፈቃድ ያለው ታክሲ ታርጋው አረንጓዴ ነው፣ ጽሑፉ ነጭ። ኢንተርኔት ላይ በርካሽ ከሚቀርቡት መካከል ነጭ ታርጋ የለጠፉ የግል መኪኖች አሉ። ብዙዎቹ ፈቃድ የላቸውም፤ አንድ ነገር ቢደርስ ኢንሹራንሱም ላይሸፍናችሁ ይችላል። ሹፌር ማለት ደግሞ አስጎብኚ ማለት አይደለም። የእኛው ትሁት ሰው ነበር፣ ግን እንግሊዝኛው እጅ የሚሰጠው ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው፤ መቅደሱ ጋ ስንደርስም መኪናው ውስጥ ቀረ። እኛ ወንድሜ ነበረን። ቋንቋውን የሚችል ከሌላችሁ አስጎብኚ ለብቻው መቅጠር ይኖርባችኋል።

ቀኑን ረቡዕ ያደረግነው ቅዳሜና እሁድን ለመሸሽ ነው። በጥቅምት ቅጠሉ ሲቀላ ግማሽ ቶኪዮ ወደዚያ ተራራ ይነቅላል። የአስጎብኚ አውቶቡሶች ልማድ ደግሞ ጠዋት መቅደሱን አሳይቶ ከሰዓት በኋላ ወደ ሐይቁ መውጣት ነው። እኛ ገለበጥነው፤ መጀመሪያ ወደ ላይ ሐይቁ ጋ፣ ከዚያ ወደ ታች መቅደሱ ጋ። የዕለቱ ትልቁ ትርፍ ይሄ ነበር ማለት እችላለሁ። ስንወርድ ያየነው የመኪና ሰልፍ ማለቂያ አልነበረውም።

መንገዱ ኢሮሃዛካ ይባላል። 48 መታጠፊያ አለው፤ መውጫው ሌላ፣ መውረጃው ሌላ ነው። እያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ከድሮው የጃፓን ፊደል አንድ አንድ ተለጥፏል፣ ልክ እንደ ፊደል ገበታ። ሆድ የሚያገላብጠው ሰው ፊት ወንበር ላይ ይቀመጥ። ዝንጀሮዎችም መንገድ ዳር ይቀመጣሉ፤ ምግብ መስጠት ክልክል ስለሆነ መስኮት ዝጉ። ከዳገቱ ግርጌ ኡማጋኤሺ የሚባል ቦታ አለ። ተራራው የተቀደሰ ስለሆነ በድሮ ጊዜ ፈረስና ከብት፣ ሴትም ጭምር፣ ከዚያ አያልፉም ነበር። ክልከላው የተነሳው እ.ኤ.አ. በ1872 ነው። ወንድሜ ይህን ሲያወራ እማዬ አልገረማትም። «ደብረ ዳሞም እኮ ሴት አይወጣም» አለችና ወደ መስኮቱ ዞረች።

ላይ ስትደርሱ ቹዘንጂ ሐይቅ አለ፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,269 ሜትር ላይ። ናንታይ የተባለው እሳተ ገሞራ የተፋው ቅልጥ ድንጋይ ወንዙን ሲገድበው ነው ሐይቁ የተፈጠረው። ውሃው ሞልቶ የሚወርድበት ደግሞ ኬጎን ፏፏቴ ነው፣ 97 ሜትር ቁመት። አለቱን ሰርስሮ ወደ ታች የሚያወርድ አሳንሰር ስላለ እማዬ ብዙ ሳትደክም ከታች ሆና አየችው። ነፋሱ ጠብታውን ፊት ላይ ያመጣዋል። ሻርፕ ያዙ፤ ከከተማው በጣም ይበርዳል። በጋቸው ላይ ብትሄዱ ደግሞ ጉም ፏፏቴውን ሙሉ ለሙሉ ሊደብቀው ይችላል። ሐይቁ ዳር ሹፌሩ ሳያጣድፈን የፈለግነውን ያህል ተቀመጥን።

ረቡዕ ነው ብያለሁ። ጾም ነው። ኒኮ የታወቀችበት ምግብ ዩባ መሆኑ ጠቀመን፤ የአኩሪ አተር ወተት ሲሞቅ ከላይ የሚጋገረው ስስ ሽፋን ነው። በአንድ በኩል ስታዩት የተፈጠረው ለጾመኛ ነው። ችግሩ መረቁ ነው። ጃፓኖች ዳሺ የሚሉት መረቅ አብዛኛውን ጊዜ ከደረቀ ዓሣ ይሠራል፤ ሶባ የሚባለው ፓስታ መሳይም በእሱ ነው የሚቀርበው። አስተናጋጇን «ሥጋ አለው ወይ?» ብትሏት በቅን ልቦና የለውም ትላችኋለች። ወንድሜ ቀድሞ ወረቀት ላይ በጃፓንኛ ጽፎ ነበር፦ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ የዓሣ መረቅም አንበላም። አስተናጋጇ ወረቀቱን ይዛ ወጥ ቤት ገባች፣ ተመለሰች፣ የትኞቹን መብላት እንደምንችል በጣቷ አሳየችን። ለጾመኛ ቤተሰብ ከዚህ ወረቀት የሚበልጥ ዝግጅት የለም።

ቶሾጉ የሚባለው መቅደስ ጋ የደረስነው ከቀኑ ስምንት ሰዓት አካባቢ ነው። የጃፓንን ጦርነት አብቅቶ ለቤተሰቡ ከ250 ዓመት በላይ የዘለቀ አገዛዝ የተከለው ቶኩጋዋ ኢዬያሱ እ.ኤ.አ. በ1616 ሞተ፤ በዓመቱ እንደ አምላክ እዚህ ተቀመጠ። አሁን የሚታየውን ጌጥ በ1630ዎቹ ያሠራው የልጅ ልጁ ኢዬሚትሱ ነው። ሺንቶ ከሚባለው የጃፓን ነባር ሃይማኖት መቅደሶች ብዙዎቹ ያልተቀባ እንጨት ናቸው። ይሄኛው ወርቅና ቀለም ነው። ዮሜይሞን የተባለው በር ብቻ ከ500 በላይ ቅርጻ ቅርጽ አለው። እውነቱን ለመናገር ለእኔ በዛብኝ። ይበልጥ የወደድኩት ቀለል ያለውን የፈረስ ጋጣ ነው። አላይም፣ አልሰማም፣ አልናገርም የሚሉት ሦስቱ ጦጣዎች እዚያ ላይ ናቸው። ጦጣ ፈረስን ከበሽታ ይጠብቃል ተብሎ ነው የተቀረጹት፤ ከሕፃንነት ጀምሮ የሰውን ሕይወት የሚተርክ የረጅም ቅርጽ አንድ ክፍል ናቸው። ሰው ሁሉ ሦስቱን ፎቶ አንስቶ ይሄዳል፤ እናንተ ከግራ ጀምራችሁ ሁሉንም እዩ።

እማዬን ያሳሰባት «ስገጂ እባል ይሆን?» የሚለው ነበር። ማንም አይልም። ቶሪ በሚባለው የመቅደሱ መግቢያ በር ስታልፉ መሃሉን ለቅቃችሁ ዳር ዳሩን መሄድ፣ ድምፅ መቀነስ፣ ፎቶ የተከለከለበት ካሜራ ማጠፍ፤ ይሄ አክብሮት ይበቃል። ሁለቴ ሰግደው ሁለቴ የሚያጨበጭቡት የሚጸልዩት ናቸው። ዋናው አዳራሽ ሲገባ ጫማ ይወልቃል። እማዬ «ይሄንንስ እናውቅበታለን» ብላ ከሁላችን ቀድማ አወለቀች። ማሰሪያ የሌለው ጫማና ወፍራም ካልሲ አድርጉ፣ ወለሉ በረዶ ነው።

እዚያው መቅደሱ ውስጥ ካለችው የተኛች ድመት ቅርጽ ወደ ኢዬያሱ መቃብር የሚያስወጣው ደረጃ 207 ድንጋይ ነው። እኔና ወንድሜ ተራ በተራ ወጣን፤ አንዳችን ከእማዬ ጋር ታች ቀረን። መንገዱን ከበው የቆሙት ሱጊ የሚባሉ ጥድ መሳይ ዛፎች ከመቃብሩ ይልቅ ልብ ይይዛሉ።

ከመመለሳችን በፊት ሹፌሩ ካንማንጋፉቺ አደረሰን። ወንዝ ዳር የተደረደሩ፣ ቀይ ኮፍያ የለበሱ የጂዞ ሐውልቶች ናቸው፤ ጂዞ በቡድሃ እምነት የሕፃናትና የመንገደኞች ጠባቂ የሚባል ነው። ስትሄዱና ስትመለሱ ብትቆጥሯቸው ቁጥሩ አይገጥምም ይባላል። መግቢያ አይከፈልበትም፤ የአውቶቡሶቹም ሕዝብ እዚያ አልነበረም።

ቶሾጉ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ድረስ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ክፍት ነው፤ ከኖቬምበር 1 ጀምሮ በአስር ይዘጋል። መጨረሻ የሚገባውም ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ስለሆነ ሐይቁን የምታስቀድሙ ከሆነ በዚያ አስሉት። ፈጣኑ ባቡር ላይ ቁሞ መሄድ የለም፣ መቀመጫው ሁሉ በቁጥር ነው። የመመለሻውን ጠዋት አሳኩሳ ላይ አብራችሁ ቁረጡ፤ እኛ ማታ ጣቢያው ስንደርስ ቀጣዩ ባቡር ሞልቷል የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር።