ኪቦርድ ሳላይ መጻፍ እንዴት ለመድኩ

የምሠራው ጅማ፣ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ካሉት የጽሑፍና የፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ ነው። ማመልከቻ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ ውል፣ የመጣውን ሁሉ እንጽፋለን። በሁለት ጣት እየለቀምኩ ብዙ ቆይቻለሁ፤ ፍጥነቴም ክፉ አልነበረም። ያስቸገረኝ ዓይኔ ነው። በእጅ የተጻፈውን ወረቀት፣ ኪቦርዱን፣ ስክሪኑን በየተራ ሳይ መስመር እዘላለሁ፤ ባለጉዳዩ ደግሞ ከጀርባዬ ቆሞ "እህቴ፣ ይቺ ዓረፍተ ነገር የት ሄደች?" ይላል።

ቲፕ ቴን የሚባል መለማመጃ ጫንኩ። ነፃ ነው፤ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም። የሚጀምረው ከመሀለኛው ረድፍ ነው፦ ግራ እጅ ኤ፣ ኤስ፣ ዲ፣ ኤፍ ላይ፤ ቀኝ እጅ ጄ፣ ኬ፣ ኤልና ሴሚኮለን ላይ። ኤፍና ጄ ላይ ትንሽ ጉብታ አለች፤ አመልካች ጣት እሷን ዳብሶ ቦታውን ያገኛል። የሳታችሁትን ፊደል ሶፍትዌሩ እንደ ነገረኛ ጎረቤት ይይዝባችሁና መልሶ መልሶ ያመጣዋል።

መጀመሪያ ላይ ፍጥነት ይወድቃል፣ ወድቆም ይሰነብታል። ስለዚህ ጠዋት ደንበኛ ሳይመጣ በአስሩም ጣት እለማመዳለሁ፣ ሰው ሲገባ ወደ ሁለቱ እመለሳለሁ። እንዲህ ማድረግ ጣት ያምታታል የሚሉ አሉ፤ ልክ ናቸው፣ ግን የሚከፈለኝ በገጽ ነው። ስህተት እየቀነሰ ሲሄድ አጫጭር ማመልከቻዎችን በአዲሱ መንገድ ጀመርኩ። ፍጥነቱ ራሱ ነው የመጣው፤ ስህተት ሲበዛ ዝግ ከማለት ሌላ መድኃኒት አላገኘሁም።

ዋናው ችግር ግን ቋንቋ ነበር። እኔ የተለማመድኩት በእንግሊዝኛ ነው፣ እዚህ የሚመጣው ማመልከቻ ደግሞ በአፋን ኦሮሞ ነው። አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ አናባቢው ሲረዝም ፊደሉ ይደገማል፣ ተነባቢውም ሲጠብቅ እንደዚያው። ኦሮሚያ ብላችሁ ስትጽፉ እንኳ መጨረሻዋ ሁለት ኤ ነው፣ ኤ ደግሞ የምታርፈው በግራ ትንሿ ጣት ላይ ነው። እንግሊዝኛ ላይ እንደ ልቡ የሚሮጥ እጅ እዚህ ይዝላል። ሶፍትዌሩ የራስን ጽሑፍ እንደ ትምህርት ስለሚቀበል፣ የቆዩ ማመልከቻዎችን የባለጉዳዮቹን ስም ሰርዤ አስገባሁበትና በነሱ ተለማመድኩ።

አማርኛውን ዎርድ ላይ ነው የሠራሁት፣ እጄ ላይ ነጠላ ጣል አድርጌ። በድምፅ በሚጻፈው ኪቦርድ ከሳድሱ በቀር አብዛኛው ፊደል ቢያንስ ሁለት ምት ይፈልጋል። በደቂቃ ይህን ያህል ቃል ሲባል 5 ምት እንደ አንድ ቃል ተቆጥሮ ነው፤ "ሰላም" ልክ አምስት ትሆናለች፣ ረጃጅሞቹ ግሶቻችን ግን ሁለትና ሦስት ቃል ይበላሉ። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ያያችሁትን ቁጥር አማርኛ ላይ አትጠብቁ። ሺፍት ተይዞ የሚጻፉም አሉ፦ ጠ እና ጨ የሚመቱት በግራ እጅ ስለሆነ ሺፍቱ በቀኝ ትንሿ ጣት፣ ኘ ላይ ግን በግራዋ።

አሁን ዓይኔ ከወረቀቱ አይነሳም፤ መስመር መዝለሉም ቀርቷል። ቁጥር ላይ ግን እስካሁን አቀርቅሬ አያለሁ። አንድ ሰው የስልክ ቁጥሩ ተሳስቶ ከቢሮ ከሚመለስብኝ አንገቴን ቢያመኝ ይሻለኛል።