ከደባርቅ እስከ ራስ ደጀን፣ ካርታ እየሠሩ መሄድ

በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስ ሲገዛ አብሮት የሚመጣ ካርታ አለው። ስሜን ላይ ሲከፈት ግን ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ጎንደር ትታያለች። ደባርቅም በአንዲት ነጥብ ትታያለች። ዋናው መንገድ በሊማሊሞ በኩል ቁልቁል ሲወርድ ይታያል። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ሲገባ ምንም የለም። መሣሪያው የቆማችሁበትን ቦታ በጥቂት ሜትር ልዩነት ይነግራችኋል። ከፊታችሁ ገደል ይኑር መንደር ግን አያውቅም።

ራስ ደጀን የመውጣቱን ነገር ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ስናወራው ኖረናል። በዚያው ካርታውን ራሴ ልሥራው አልኩ። ጓደኛዬ «አስጎብኚ አለ፣ ስካውት አለ፣ ካርታው ለምን?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ፓርኩ ውስጥ አስጎብኚና ስካውት (ጠመንጃ የያዘ የፓርኩ ጠባቂ) ይመራችኋል እንጂ ብቻችሁን አትሄዱም። እኔ ግን እግሬ የረገጠውን መንገድ ስክሪን ላይ ማየት ያስደስተኛል። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሥራው የሚጀመረው አዲስ አበባ ነው፣ ኮምፒውተር ፊት። መነሻው ኦፕንስትሪትማፕ ነው፤ ማንም ገብቶ የሚያርመው፣ ማንም በነፃ የሚያወርደው ካርታ። የኢትዮጵያን ክፍል አውርጄ ጆስም በሚባል የካርታ ማረሚያ ፕሮግራም ከፈትኩት። ስሜን ላይ መስመር ሞልቷል። አንዳንዱ ሰው በእግሩ ሄዶ በጂፒኤስ የቀዳው ትራክ ነው። ሌላው ደግሞ ቤቱ የተቀመጠ ሰው ከሳተላይት ፎቶ ላይ አይቶ ያሰመረው ነው። ስክሪን ላይ ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው። ጭንቁም እሱ ነው።

የከፍታ መስመሩ የመጣው ከጠፈር ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ኢንዴቨር የተባለችው መንኮራኩር የምድርን አብዛኛውን የብስ በራዳር ለክታለች። ዳታው በነፃ ይገኛል፤ በየ30 ሜትሩ ገደማ አንድ የከፍታ ቁጥር አለው። ለሜዳ አገር ከበቂ በላይ ነው። ስሜን ላይ ግን ራዳሩ ከጎን ስለሚያይ ገደሉ ይጋርደዋል። የተጋረደው ቦታ ቁጥር አይኖረውም። ባዶውን ከዙሪያው ባሉ ቁጥሮች በግምት ይሞሉታል። ውጤቱን ስክሪን ላይ ስታዩት ያ ቀጥ ያለ ግድግዳ በግ የሚግጥበት ለስላሳ ዳገት መስሎ ቁጭ ይላል። እሱን አምኖ የሚሄድ ሰው ወዮለት። ስለዚህ የገደሉን አፋፍ ለብቻው፣ በገደል ምልክት በእጄ አሰመርኩት።

የድሮውን አንድ ለ50 ሺህ የወረቀት ካርታም ስካን አድርጌ አስገባሁ። በወንዝና በአምባ ስም የሚተካከለው የለም። እሱ ግን የሚቆጥረው አዲንዳን ከሚባል መነሻ ነው። አዲንዳን በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ ያለች የቅየሳ ነጥብ ናት፤ የአገራችን የቆዩ ካርታዎች የታሰሩት በእሷ ነው። ጂፒኤስ ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 በሚባለው ይቆጥራል። የወረቀቱን ቁጥር እንዳለ መሣሪያው ላይ ብትጽፉት ከመቶ ሜትር በላይ ትስታላችሁ። መቶ ሜትር አዲስ አበባ ላይ ቢበዛ ቀጣዩ ቡና ቤት ነው። ገደል አፋፍ ላይ ግን ሌላ ወሬ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ስካኑን ኪውጂአይኤስ የሚባል የካርታ ፕሮግራም ላይ ስታስገቡ አዲንዳን፣ ዞን 37 ሰሜን መሆኑን ንገሩት፣ ራሱ ይቀይረዋል።

ጉዞው ኅዳር ላይ ነበር፤ ዝናቡ አልቆ ሣሩ ገና ሳይደርቅ። ደባርቅ ያለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ከፍለን፣ ስካውትና በቅሎ ይዘን ተነሳን። መሣሪያውን በየአምስት ሰከንዱ አንድ ነጥብ እንዲቀዳ አዘዝኩት። «አውቶ» የሚለው ምርጫ ማህደረ ትውስታ ይቆጥባል፤ ግን በጥምዝምዝ መንገድ ላይ መታጠፊያውን ይበላዋል። ሳንቃበር ካምፕ ብርዱ አይጣል ነው። ባትሪ ብርድ አይወድም፤ ማታ ማታ ባትሪዎቼን ካልሲ ውስጥ ከትቼ ብርድ ልብስ ሥር ይዣቸው ተኛሁ። ጓደኛዬ እስካሁን ይስቅብኛል።

ከሳንቃበር ወደ ግጭ ሲኬድ የጅንባር ፏፏቴን ከማዶ አይታችሁ ወደ ወንዙ ትወርዳላችሁ፤ ተሻግራችሁ ደግሞ ዳገቱን ትይዛላችሁ። ከወንዙ ጥቂት ከፍ እንዳልን መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነጥቡን በደንብ መያዝ ያስፈልጋል። መሣሪያው አማካይ የሚወስድበት ዘዴ አለው፤ አንድ ቦታ አስቀምጣችሁት ደጋግሞ ይለካና መሐሉን ይሰጣችኋል። ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩትና ቆምኩ። ጠመንጃውን በትከሻው ያጋደመው ስካውታችን፣ ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው ነው፣ ተመልሶ መጣ።

«ምን ጠፋህ፣ አንተ ልጅ?»

«ምንም አልጠፋኝ፣ አያ። መንገዱን እየለካሁ ነው።»

«መንገዱ እኮ እዚሁ ነው፣ የትም አልሄደም።»

ከዚያ ግን ራሱ ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን አየ። ኦፕንስትሪትማፕ ላይ ዋና ተብሎ የተሰመረው ግራው ነው። ከሳተላይትም ሲታይ ሰፊና ነጭ ሆኖ ይታያል። ቀኙ ቀጭን ነው፤ ከሣር መሐል ጠፋ ብቅ ይላል። ስካውቱ ግራውን በአገጩ እያሳየ «ይሄ የከብት ነው» አለኝ። «ግጦሽ ላይ ያደርስህና እዚያው ይጥልሃል። ሰው በቀኙ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከብት ጎን ለጎን ይሄዳል፤ መሬቱን ይፍቃል፤ ከላይ የሚያምር ሰፊ መንገድ ይመስላል። ሰው በነጠላ ይሄዳል። ስለዚህ ከሳተላይት ፎቶ ብቻ ካርታ የሚሠራ ሰው የከብቱን መንገድ ለመንገደኛ ይሰጣል። ከዚያ ቦታ በኋላ መንገድ በተከፈለ ቁጥር ስካውቱን ጠየቅኩ። መልሱን ነጥቡ ላይ ጻፍኩ፦ የሰው፣ የከብት፣ የእንጨት፣ ክረምት የማይኬድ። እነዚህ አራት ቃላት ከመሣሪያው ሁሉ በልጠው ጠቅመውኛል።

ግጭ ስንደርስ ሌላ ዓይነት ጣጣ ጠበቀን። የወረቀቱ ካርታ ላይ ግጭ መንደር ነው፤ ወደ መንደሩም ከአራቱም አቅጣጫ መንገድ ይገባል። ነዋሪዎቹ ግን እ.ኤ.አ. በ2016 ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ሰፍረዋል። ፓርኩ በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበበት ከ1978 ጀምሮ የነበረ ክርክር ነው፤ ከ1996 እስከ 2017 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ያስገባው አንዱ ምክንያትም የእርሻና የግጦሽ ብዛት ነበር። ሰው ከሄደ መንገድ ይሞታል። ጓሳው በመጋቢ መንገዶቹ ላይ እየወጣ ነበር። አንዳንዱን ተከትዬ ሄጄ ሣር ውስጥ ጠፋብኝ። እነዚህን መንገዶች ከካርታዬ ላይ አነሳኋቸው። የመንደሩን ስም ግን ተውኩት። ቦታው ስሙን ይዞ ይኖራል፣ ሰው ኖረበትም አልኖረበትም።

እሜት ጎጎ ላይ ያየሁት ደግሞ ያስቃል። ከ3900 ሜትር በላይ ያለ፣ በሦስት ጎኑ ገደል የከበበው አፍንጫ ነው። ሰማዩ ክፍት ስለሆነ ጂፒኤሱ እንደዚያ ቀን ረክቶ አያውቅም። አመሻሽ ላይ ትራኩን ላፕቶፕ ላይ ከሳተላይት ፎቶው ጋር ሳገናኘው ግን ከአፋፉ አልፌ አየር ላይ እየተንሸራሸርኩ ነው። ጥፋቱ የፎቶው ነው። ሳተላይቷ ከጎን ስታነሳ ከፍ ያለው ነገር ወደ ዳር ይጋደማል፤ ያን የሚያስተካክሉት በከፍታው ዳታ ነው፤ የከፍታው ዳታ ደግሞ ገደል ላይ ያው በግምት የተሞላው ነው። ስለዚህ ፎቶውን ወደ ትራኩ ጎትቼ አስተካከልኩት። አፋፉ ላይ የሚሆነው ማስተካከያ ግን ከሥር ላለው መሬት አይሆንም፤ ለየብቻ መሥራት ያስፈልጋል። ጭላዳዎቹ አጠገቤ ሣር እየነጩ ነበር፣ ማንም አልመሰልኳቸውም።

ከጨነቅ ካምፕ ወዲያ ስላለው መንገድ ብዙ አልጽፍም። የመኪናው መንገድ ጨነቅን አልፎ በቧሂት በር በኩል ወደ መካነ ብርሃን ይሄዳል፤ በእግር የሚሄድ ሰው አንዳንዴ በአቧራው መሐል ነው። የድሮውን አቋራጭ ብቻ ለይቼ ቀዳሁ። ከዚያ ወደ መሸሃ ወንዝ ቁልቁለቱ ጉልበት ይሰብራል። ሸለቆው ውስጥ፣ ግድግዳው ሥር፣ ትራኩ መዝለል ጀመረ። ምልክቱ ከድንጋዩ እየነጠረ ስለሚመጣ ነው። ያን ክፍል ስንሄድም ስንመለስም ቀድቼ የሁለቱን መሐል ወሰድኩ።

ራስ ደጀን ጫፍ ላይ ያልተጨቃጨቀ ያለ አይመስለኝም። ትምህርት ቤት 4620 ሜትር ብለው አስተምረውናል። አሁን በብዛት የሚጠቀሰው 4550 ነው። የእኔ መሣሪያ በአየር ግፊት ከፍታ የሚለካ ነው፤ ጨነቅ ላይ አስተካክዬው መጥቼ እንኳ ቁጥሩ እዚያው ቆሜ ይንቀሳቀስ ነበር። አየሩ ከተለወጠ ግፊቱም ይለወጣል። ከሳተላይት የሚገኘው ከፍታ ደግሞ ከጎንዮሹ ልኬት ይልቅ የላላ ነው። ካርታው ላይ 4550 ብዬ ጻፍኩ፤ በእጅ መሣሪያ ይሄን ክርክር መፍታት አይቻልም። አጠገብ ለአጠገብ ካሉት ጫፎች የትኛው እንደሚበልጥ ጓደኛዬና ስካውቱ ተከራክረው አልተስማሙም።

አዲስ አበባ ተመልሼ ያደረግኩት በአብዛኛው መሰረዝ ነው። የቀረውን ኤምኬጂማፕ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም የጋርሚን መሣሪያ ወደሚያነበው ፋይል ይቀይረዋል። የከፍታውን መስመር ለብቻው፣ ከታች ያለውን የማይሸፍን ንጣፍ አድርጉት፤ ስታስፈልጋችሁ ታበሩታላችሁ። የእግር መንገዱን ደግሞ አወፍሩት። ፕሮግራሙ ሳይነካ የሚሰጠው ቀጭን ነጠብጣብ ቤት ውስጥ ያምራል፤ የስሜን ፀሐይ ላይ ግን አይታይም። የእኔ መሣሪያ ፊደላችንን ስለማያሳይ ስሞቹን በላቲን ጻፍኳቸው፤ ቅር ብሎኛል።

አሁን የቀረኝ ውኃው ነው። የቀዳኋቸው ምንጮች ሁሉ በኅዳር የታዩ ናቸው። ስካውቱ ሦስቱን እየጠቆመ «ሚያዝያ ላይ እንዳትመካባቸው» ብሎኛል። እያንዳንዱ ምንጭ ጎን የታየበትን ወር ጻፍኩ። ሚያዝያ ላይ በቅሎ የሚያከራይ ሰው ካገኘሁ የቀረውን እሞላለሁ።