ጥንቸሎቹ ቤታችንን ወረሩት

ዛሬ የእህቴ ልጅ ከሶፋው ጥግ የሚነቀንቃት ጠፋ። የያዘችው የእንግሊዛዊው ሪቻርድ አዳምስን «ዎተርሺፕ ዳውን» ነው፤ ደራሲው መጀመሪያ በመኪና ጉዞ ላይ ለሁለት ሴት ልጆቹ በቃል የተረከውና እ.ኤ.አ. በ1972 የታተመው የጥንቸሎች ስደት። ቡና ሲፈላ ፈንዲሻውን ሳታይ ትዘግናለች፤ ግማሹ ገጹ ላይ ይረግፋል።

«አጎቴ፣ ጥንቸሎቹ እኮ ከአራት በላይ መቁጠር አይችሉም! ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ብዙ ነው።»
«አንቺስ ስንት ገጽ ቀረሽ?»
«ብዙ!»

እኔ አደጋን አስቀድሞ የሚያየውን ትንሹን ፋይቨርን ትወዳለች ብዬ ነበር። ልቧን የወሰደው ግን ግዙፉ ቢግዊግ ነው። (ያላነበባችሁ ይህን አንቀጽ ዝለሉት።) ቆስሎም ቢሆን ጠባቡን ጉድጓድ ዘግቶ፣ ለጨካኙ የጠላት ጥንቸሎች ጄኔራል «አለቃዬ ጠብቅ ስላለኝ አልለቅም» የሚልበት ቦታ ላይ ስትደርስ ብድግ ብላ ቆመች። ጄኔራሉ አለቃው ራሱ ቢግዊግ ይመስለው ነበር። «ስለዚህ ጠላቶቹ ከዚህ የሚበልጥ ጥንቸል አለ ብለው ፈሩ!» እያለች በሳቅ ፈረሰች፤ እውነተኛው አለቃ ሄዘል በጉልበት ከቢግዊግ እንደሚያንስ እሷ ታውቃለቻ።

ሞትና ደም ስላለበት ለልጅ ይከብዳል የሚሉ አሉ። አልስማማም። እኛስ ጅብ አህያን በሚበላበት ተረት አይደል ያደግነው?

ቀጥሎ ምን ልስጣት? እንስሳት የሚናገሩበት፣ ወፍራም መጽሐፍ እንዲሆን ታዝዣለሁ።